ማክሰኝት፤ በመኪና መስኮት የምትታየው ወረዳ

በዩኒቨርስቲ ሳለሁ በአንድ ፈተና ላይ ስለ አሜሪካ ካውንቲ አስተዳደር እንድጽፍ ተጠይቄ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር። አዮዋ የተባለው ስቴት በ99 ካውንቲ እንደ ተከፈለ፣ የጸጥታው ሹም ሸሪፍ በሕዝብ ድምፅ እንደሚመረጥ፣ በመላው አገር ያሉት ካውንቲዎች ከ3,000 እንደሚበልጡ፣ ከነዚህም ውስጥ ሎስ አንጀለስ ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲይዝ በቴክሳስ የሚገኘው ላቪንግ ካውንቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በተደረገው ቆጠራ 64 ነዋሪ ብቻ እንደ ተገኘበት አንዱንም ሳላስቀር ዘረዘርሁ። ውጤቴም መልካም ነበር። በዚያው ሰሞን ከጎንደር ገጠር የመጣ የመኝታ ክፍል ባልንጀራዬ፣ «ለመሆኑ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ግን፣ «ጎንደር ከተማ ነዋ!» ብዬ መለስሁለት።

ባልንጀራዬ ሣቀ እንጂ አልተቆጣም። «ማክሰኝት ናት ወንድሜ፤ ወደ ባሕር ዳር ስትወርድ በእንቅልፍ ያለፍሃት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁለት ጊዜ አልፌያታለሁ። አንዴ ተኝቼ፣ አንዴም በስልኬ ስለ ሌላ አገር ፖለቲካ እያነበብሁ።

ይህ ባልንጀራዬ የተማረው መሬት አስተዳደር ነበርና እንደ ተመረቀ በዚያው በወረዳው ተመደበ። እኛ በአዲስ አበባ የቀረነው ጓደኞቹ አዘንለት። ወረዳ መመደብ በኛ በወጣቶቹ ዘንድ እንደ ግዞት የሚቆጠር ነገር ሆኗልና። ከዚያ ወዲህ ስለ ማክሰኝት ሳነብ፣ ስጠይቅና አንድ ጊዜም በእግሬ ስረግጣት ቆይቼ፣ ያዘንሁት ስለማን እንደ ነበረ መጠራጠር ጀመርሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ የፈተና ወረቀት እርማት ነው ቢባል አይከፋኝም።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው የባሕር ዳር አውራ መንገድ መጀመሪያ አዘዞን፣ ቀጥሎ ጠዳን ያልፍና ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ማክሰኝት ይደርሳል። ከዚያ እንፍራንዝ፣ ይፋግ፣ ከጋዜጣ ጋር ሞክሼ የሆነችው አዲስ ዘመን፣ ወረታና ሐሙሲት እያለ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ተከትሎ ባሕር ዳር ይገባል። አንባቢ ሆይ፣ ከነዚህ ስሞች መካከል ሐሙሲትንና ማክሰኝትን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ተመልከት። አንዷ ሐሙስን፣ ሌላዋ ማክሰኞን ታሰማለች። ሮቢት የሚባሉ፣ ዓርብ ገበያ የሚባሉ ከተሞችም አሉን። የአገራችን ገበሬ ለከተማ ስም ሲያወጣ የንጉሥ ወይም የጄኔራል ስም ከመፈለግ ይልቅ ገበያ የሚቆምበትን ቀን መጥራት ይቀለዋል፤ እኔም የማክሰኝትን ስም በዚሁ መንገድ እተረጉመዋለሁ። ከተማ ማለት ሰው በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኝበት ቦታ ነው ያለ ሕዝብ ከብዙ የከተማ ፕላን ሊቃውንት የበለጠ የተናገረ ይመስለኛል።

ወረዳው በስተ ደቡብ ምዕራብ ጣናን ይነካል። በምዕራብ ከደምቢያ፣ በሰሜን ከላይ አርማጭሆ፣ በሰሜን ምሥራቅ ከወገራ፣ በምሥራቅ ከምዕራብ በለሳ፣ በደቡብም ከሊቦ ከምከም ጋር ይዋሰናል። የጣና ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ሲሆን፣ ማክሰኝት 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማዋ ጀርባ ያሉት ተራሮች ግን 2,800 ሜትር አልፈው ይወጣሉ። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ዓሣ ከሚጠመድበት ዳርቻ ተነሥቶ ገብስ ወደሚዘራበት ደጋ መድረስ ይቻላል ማለት ነው። ለአስተዳዳሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዳር አገሩ ሰው ስለ ወባና ስለ ጎርፍ ሲያወራ የላይኛው ሰው ስለ ውርጭና ስለ ድንጋይ ያወራል፤ ሁለቱም አቤቱታቸውን ይዘው የሚመጡት ወደዚያችው ወደ ማክሰኝት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አስቀድሜ ላርም። ከማክሰኝት በላይ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርደው ወንዝ ጉማራ ይባላል። በደቡብ ጎንደር ፎገራን የሚያጠጣውም ትልቁ ወንዝ ስሙ ጉማራ ነው። በመጻሕፍት ላይ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያነቡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነበርሁ።

የዚህ አካባቢ መሬት በታሪክ ውስጥ ምን ሥራ ሠራ የተባለ እንደ ሆነ፣ መልሱ በር ሆነ የሚል ነው። ተራራው ወደ ሐይቁ ተጠግቶ በሚወርድበት ቦታ ለመንገድ የሚተርፈው ጠባብ ማለፊያ ብቻ ነው። ስለዚህም ስሞቹ ራሳቸው ቁልቋል በር፣ ፈርቃ በር እየተባሉ ይጠራሉ። ወደ ጎንደር በደቡብ በኩል መግባት የፈለገ ሁሉ በዚህ ማለፍ ነበረበት። ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከእንፍራንዝ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የጉዛራን ግንብ ሲያሠሩ ከታች የሚያልፈውን መንገድና ከፊት የተዘረጋውን ጣናን በአንድ ዐይን መመልከት ይችሉ ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ከዚያ ግማሽ መቶ ዓመት ገደማ ዘግይተው ነው። የጎንደርን ግንቦች ለማየት የሚሄደው ቱሪስት ግን ታላቅ ወንድማቸውን ጉዛራን ሳያይ በአስፋልቱ ያልፋል። በ1763 ዓ.ም. ግንቦት ላይም ራስ ሚካኤል ስሑል ከበጌምድሩ ወንድ በወሰንና ከወገኖቹ ጋር በጠዳ አቅራቢያ በሠርባኩሳ ተዋግተው ኃይላቸው የተሰበረው በዚሁ ሜዳ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በሥፍራው ነበረና ያየውን በመጽሐፉ ጽፎታል።

ከሁሉም ይልቅ ያስገረመኝ ግን የቁልቋል በር ነገር ነው። በ1934 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ በሌላው ሥፍራ ሁሉ ድል ሆኖ ሲያበቃ ጄኔራል ናዚ ጎንደርን ይዞ ቀርቶ ነበር። በደቡብ በኩል የጎንደር መዝጊያ ሆኖ የተመሸገው ቁልቋል በር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ያዘመታቸው የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮችና የኛ አርበኞች መጀመሪያ ሞክረው ሳይሆንላቸው ቀርቶ፣ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ምሽጉን ሰበሩት። ከስድስት ቀን በኋላ ኅዳር 18 ቀን ጎንደር እጁን ሰጠ። እዚያ የወደቀው የካራቢኒየሪ ጦር በአገሩ የወርቅ ሜዳይ ተሰጥቶታል፤ የኢጣልያ ካራቢኒየሪ እስከ ዛሬ በየዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን የቁልቋል በርን ስም ይጠራል። ያ ቀን በኛ አቆጣጠር ኅዳር ሚካኤል ነው። እንግዲህ የአንዲት የጎንደር ዙሪያ ማለፊያ ስም በሮም በሰልፍ ላይ ሲጠራ፣ በአዲስ አበባ ያለ ተመራቂ ወዴት እንደ ሆነች አያውቅም። እኔ አላውቅም ነበር።

ከታሪክ ወደ አፈር እንውረድ፤ ሰዉ የሚበላው ከዚያ ነውና።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥና በሬውን ከገበሬው ጋር የሚውጥ ጥቁር አፈር ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚወርድ በዚያን ጊዜ ይህን መሬት ማረስ ጭንቅ ነው። የማክሰኝት ገበሬ ግን ከአፈሩ ጋር ተስማምቶ የሚኖርበትን ዘዴ ካገኘ ቆይቷል። ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ሌላው አገር አረም በሚያርምበት ጊዜ፣ እርሱ ሽምብራ ይዘራል። ዋልካው በሆዱ የያዘውን እርጥበት ለወራት እየቆጠበ ስለሚሰጥ ሽምብራው ያለ ዝናብ ይበቅላል፣ ያለ ዝናብ ያፈራል። ከዚህም በላይ የሽምብራ ሥር በውስጡ በሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን እየሳበ ስለሚያከማች፣ ለከርሞው ጤፍ ማዳበሪያውን በከፊል ትቶለት ይሄዳል። ተመራማሪዎች አረርቲና ሻሾ የተባሉትን ነጫጭ ዝርያዎች ካወጡ ወዲህ ከጥቁሩ የአገር ሽምብራ ጎን ለገበያ የሚሆነውም ይዘራል። በመንገድ ዳር ቆሞ እሸቱን በእስር በእስር ለመንገደኛ የሚሸጠው ልጅ የዚህ ሁሉ ጥበብ ወራሽ ነው። እኛ የዋጋውን ነገር ተከራክረን እንገዛዋለን።

ከሜዳው በላይ ያለው ዳገት ግን ሌላ ታሪክ አለው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ማረሻው ወደ ላይ ወደ ላይ ሲወጣ አፈሩ ወደ ታች ወደ ታች ወረደ። የጎንደር እርሻ ምርምር ማዕከልና ከኦስትሪያ የመጡ ምሁራን በጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ 56 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መሬት ለይተው ለዓመታት አጥንተውታል። የመረጡት ዘዴ ቀላልና ብልህ ነው፤ አንዱን ትንሽ ሸለቆ የድንጋይ እርከን አሠሩበት፣ ጎረቤቱን እንዳለ ተዉት፣ ከዚያም ከሁለቱ የሚወርደውን ጎርፍና ደለል ክረምት ከክረምት ለኩ። ይህ ዓይነቱ ሥራ የሚያሳየው እርከን ራሱ ዕድሜ ያለው መሆኑን ነው። ከካቡ በላይ ያለው ቦታ በደለል በሞላ ጊዜ፣ ካቡን ከፍ የሚያደርገው ሰው ካልተገኘ ጎርፉ ተሻግሮ ይሄዳል። ቦረቦር ከተከፈተ ደግሞ ለብቻው ሌላ ጠላት ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ሕዝቡን አስወጥቶ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ ብሎ ሪፖርት ማድረግ የሚያረካው ሹም፣ አምና የተሠራውን ማን ጠገነው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚያጣው ስለዚህ ነው። ሪፖርት አዲስ እርከን ይወዳል፤ ጥገና የሚጻፍበት መስመር የለውም።

አሁን ስለ ሰዉ። አብዛኛው አማራ ነው፤ ክርስቲያኑ ይበዛል፣ እስላሙም ከጥንት ጀምሮ በንግድና በሽመና ስሙ የታወቀ ነው። በዚህ ገጠር አምቦበር የሚባል መንደር አለ። ቤተ እስራኤል ከሚበዙባቸው መንደሮች አንዱ ነበረ። ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ፣ ሸክላ ሠርተው እንስራ ለአካባቢው ያቀርቡ የነበሩ እነዚህ ሰዎች፣ ከፊሎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ሌሎቹም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሕዝብ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ በተጓዘበት ጊዜ ወደ እስራኤል ሄዱ። አንድ ሕዝብ ከመንደሩ ተነሥቶ ሲሄድ የቀረው ሰው የሚያጣው ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ማረሻ የሚስልለት ባለሙያም ያጣል። ደግሞም አንጥረኛውን በቀን እየፈለጉ በማታ «ቡዳ ነው» ሲሉት ለኖሩት ሰዎች ከሄደ በኋላ ማመስገን ምን ይጠቅማል?

በበሽታም በኩል ይህ ቆላማ ዳርቻ ለአገራችን ሕክምና ትምህርት ቤት ሆኗል ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1940ዎቹ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ከፈጀው በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረ ሰብ ነርሷንና የጤና ጥበቃ ባለሙያውን በአንድ ቡድን እያደረገ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርስቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤት በሊቦ ከምከም መድኃኒት አልበግረው ያለ ወባ ነው የተባለው በሽታ በመጨረሻ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በሽታውን ያመጡት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች እንደ ነበሩ ታወቀ። መሬት የሌለው ወጣት ለምን ወደ ሰሊጥ አገር ይወርዳል ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም፣ ሳያስበው የመሬት ሥሪትን ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው።

የመሬቱም ጥያቄ የፖለቲካው ሁሉ እምብርት ነው። በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ዘመን ሥሪቱ ርስት ነበር። በአባቱም በእናቱም ወገን ከአቅኚው አባት መወለዱን የሚያስረዳ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ስለዚህም ማንም ፈጽሞ መሬት አልባ አይሆንም፣ ማንም ደግሞ ከክርክር አይድንም። ጭቃ ሹሙ ግብር ይሰበስባል፣ አጥቢያ ዳኛው ይፈርዳል፣ ባለ ርስቱ ዕድሜውን በዳኛ ደጅ ይጨርሳል። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የታወጀው አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነና ክፍፍሉን ለገበሬ ማኅበር ሰጠ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች መሬት እንደገና ተሸነሸነ። ያን ጊዜ ባለፉት መንግሥታት የቀበሌ ሹመት የነበራቸው ገበሬዎች «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ቅሪት» እየተባሉ ድርሻቸው እንዲያንስ ተደረገ። የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ የሠራን ሰው ከፊውዳል ጋር መደመር የቱን ያህል ፍትሕ እንደ ነበረበት አንባቢ ይፍረድ።

ከዚያ በኋላ አጠቃላይ ሽንሸና አልተደረገም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለየገበሬው የባልና የሚስት ስም የሰፈረበት የይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀመረ፤ ይህ መልካም ሥራ ነው። ሴቲቱ በፍች ጊዜ ባዶ እጇን እንዳትወጣ ደብተሩ ይመሰክርላታልና። ነገር ግን ሒሳቡን አስቡት። አንድ አባት አራት ቃዳ፣ ማለት አንድ ሄክታር መሬት አለው እንበል፤ ልጆቹም አምስት ናቸው። በ1989 ዓ.ም. የተወለደው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፣ አግብቷል፣ ምናልባት እንደኔ ዲግሪ ይዟል። ከአባቱ መሬት የሚደርሰው አንድ ቃዳ እንኳ አይሞላም። ርስት ቢሆን ኖሮ ይከራከር ነበር፤ አሁን የሚከራከርበትም ሥሪት የለም። የሚቀረው ወይ ሰሊጥ፣ ወይ ከተማ፣ ወይ ጠመንጃ ነው። ሕገ መንግሥቱ መሬት እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ግን ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ ብድር እንዲወስድ ፈቅዶለታል። እኔ በበኩሌ ይህ በር መከፈቱን እደግፋለሁ፤ ሆኖም አንድ ዓመት ሽምብራው በትል ቢበላ ያ ደብተር በማን እጅ እንደሚያድር ሳይታሰብበት የቀረ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

አሁን ወደ ካውንቲው ልመለስ። የአሜሪካው ካውንቲ ገንዘቡን በብዛት የሚያገኘው ከመሬትና ከቤት ግብር ነው። ገበሬው የከፈለውን ስለሚያውቅ መንገዱ ሲበላሽ ኮሚሽነሩን በስሙ ጠርቶ ይሞግታል፣ በምርጫም ያወርደዋል። የኛ ወረዳ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን ችሎ በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት አለው፤ ገንዘቡ ግን በአብዛኛው ከክልል በጥቅል የሚመጣ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያውና ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ደመወዝ ያልቃል። ሹሙ ፊቱን ወደ ባሕር ዳር ቢያዞር የሚያስገርም አይደለም፤ እንጀራው ከዚያ ይመጣልና። ምርጫውም ቢሆን በ2005 ዓ.ም. በመላው አገር በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ገዥው ግንባር በሚሊዮን ከሚቆጠሩት መቀመጫዎች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉን ያዘ፤ በ2010 ዓ.ም. ይደገማል የተባለውም ተላለፈ። በዚያው ጊዜ ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ተከፍሎ ጎንደር ዙሪያ በማዕከላዊ ጎንደር ውስጥ ገባ። ካርታው ተለወጠ፤ ገበሬው ግን አቤቱታውን ይዞ የሚሄድባት ከተማ ያችው ማክሰኝት ናት።

የአሜሪካውን ሁሉ እንቅዳ ማለቴ እንዳይመስል። አንድ ነገር ቀድተናል፤ እንዴት እንደ ቀዳነው ማየቱ ያስተምራል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 በወጣ ሕግ በየካውንቲው የእርሻ አማካሪ እንዲቀመጥ ተደረገ። ደመወዙን የማዕከሉ መንግሥት፣ ስቴቱና ካውንቲው ተጋግዘው ይከፍሉ ነበር። ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን በ1940ዎቹ የዓለማያን እርሻ ኮሌጅ ሲያቋቁሙ ይህን አሳብ ይዘው መጡ። ዛሬ በየቀበሌው የሚቀመጠው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የዚያ አሳብ የልጅ ልጅ ነው። ልዩነቱ ግን የአዮዋው አማካሪ ገበሬውን የሚያማክር ብቻ ሲሆን፣ የኛው ምክሩን ከማዳበሪያ ዕዳ ማስታወሻ፣ ከስብሰባ ጥሪና ከአንድ ለአምስት አደረጃጀት ጋር አዳብሎ እንዲያደርስ መገደዱ ነው። ገበሬው ሠራተኛው ሲመጣ ባየ ጊዜ፣ ዛሬ የመጣው ስለ ዘር ነው ወይስ ስለ መዋጮ ብሎ ያስባል። ምክር በዚህ ዓይነት ጆሮ አይገባም።

በእግሬ የረገጥኋት ያልሁት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ ከታየ ወዲህ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ወርሮት ነበርና፣ በዚያ ወር ከሐይቁ ለመንቀል ትልቅ ዘመቻ ታወጀ። እኔም ከተማሪዎች ጋር ወደ ለምባ አርባይቱ ወረድሁ። ከሩቅ ሲያዩት ሐይቁ አልነበረም። የነበረው አበባው ሐምራዊ የሆነ አረንጓዴ መስክ ነው፤ ከብት የሚጋጥበት ይመስል ነበር። ሰዉ እስከ ደረቱ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፣ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ዳር ያወጣል። የነቀልነው ሥፍራ በማግስቱ ነፋስ ሲገፋው ተመልሶ ይሸፈናል። አንድ የአካባቢው ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው ሥሩን ከውሃ አውጥተው አሳዩኝና ይህን የሚቀልበው የናንተው ደጋ ነው አሉኝ። የከተማ ልጅ መሆኔን አላወቁም። ወይም አውቀዋል። ነገሩ ግን ትክክል ነው፤ ከዳገቱ የታጠበው አፈርና በማሳ ላይ የተበተነው ማዳበሪያ በየወንዙ ወርዶ ለእምቦጩ ቀለብ ይሆናል። በላይ ያልተጠገነው እርከን በታች አረም ሆኖ ይወጣል። ላይኛው ገበሬ አፈሩን፣ ታችኛው ግጦሹንና ዓሣውን ያጣል። ሁለቱን በአንድ ሸንጎ አስቀምጦ የሚያነጋግር ከወረዳው በቀር ማን አለ?

ያ ዘመቻ ሳያልቅ ጥቅምት 24 ቀን ጦርነት ተከፈተ። ትግራይ ላይ የተነሣው እሳት ያስከተለው ረጅም ነው፤ ለዚህ ገጽ አይሆንም። ስለ እምቦጭ የሚያወራው ሰው ግን በአንድ ሌሊት ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሥቶ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ያ ከጎንደር ባሕር ዳር የሚወርደው አውራ መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን የሚዘጋ ሆነ። በሩ እንደገና በር ሆነ ማለት ነው።

ባልንጀራዬ በዚህ ሁሉ መካከል በሥራው ላይ ነበር። የወረዳ ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ተጠርጣሪ ነው። ወደ ቀበሌ ቢወርድ የመንግሥት ሰው ይባላል፤ በቢሮው ቢቀመጥ ሥራ የለውም፤ ቢለቅቅ ደግሞ የይዞታ መዝገቡን ማን ይጠብቃል? መዝገብ የተቃጠለበት ወረዳ ሰላም ቢመጣ እንኳ ሌላ የድንበር ጦርነት ይጠብቀዋል። እኛ አዲስ አበባ የቀረነው እስካሁን ድረስ ለምን አትመጣም እያልን እንጎተጉተዋለን። እኔ ግን መጎትጎቴን ትቻለሁ።

በመጨረሻ ስንደዋወል መስመሩ እየተቆረጠ አስቸገረን። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ዋልካ ድንበር ተጣልተው በአካል ሄዶ መለካት ስላልቻለ፣ ሁለቱንም ማክሰኝት አስጠርቶ በገበያ ቀን ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አስቀምጧቸው ነበር። ደብተራቸውን ዘርግቶ፣ ካርታውን በመሬት ላይ በእንጨት ሥሎ ሲያሳያቸው ውለዋል። ተስማሙ ወይ? ብዬ ጠየቅሁት። ታላቁ ድንበሩን እንደማይቀበል፣ ነገር ግን ወቅቱ እንዳያልፍ ለዘንድሮ ሽምብራውን አብረው ይዝሩ በሚለው ሁለቱም እሺ እንዳሉ ነገረኝ። ስለ ከርሞው ልጠይቀው ስል ስልኩ ተቆረጠ።